የ194,313 ክብር በመካፈሉ ነው፤ ለአንድ የበዓል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከዘመን መለወጫ ወዲህ በደብረ ብርሃን ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ አለ። አዘጋጁ ስማቸውን አላሰፈሩበትም። ጽሑፉ የሚያወሳው 194,313 ስለተባለው ቁጥር ነው፤ ይኸውም በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት አቆጣጠር ትምህርት፣ ዐቢይ ቀመር በሚባለው በ532 ዓመት ውስጥ ያሉት ዕለታት ብዛት ነው። አዘጋጁ አምስት ነገር ይላሉ፦ ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ፍጹም ቁጥር ነው፤ ፀሐይንና ጨረቃን ያለ አንዳች ቀሪ ያገናኛል፤ ለራሱ አኃዞች ድምር መካፈሉ በሌላ ቁጥር ያልታየ ምልክት ነው፤ በመጨረሻም ከኢትዮጵያ በቀር ማንም አያውቀውም።

ጽሑፉ እጄ የገባው በአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ በኩል ነው። በደብተሯ መካከል አጥፋ ይዛው መጥታ፣ «ቲቸር፣ ይኼ እውነት ነው?» አለችኝ። ሒሳብ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ጥያቄዋን አድበስብሼ ማለፍ አልቻልኩም፤ ደግሞም አዘጋጁ የተነሡበት ፍቅር የእኔም ፍቅር ስለሆነ፣ ቁጥሩ በሌለው ነገር ሲመሰገን ዝም ማለት አልወደድኩም።

በቅድሚያ ትክክል የሆነውን ላስቀምጥ። የዕለታቱ ስሌት አልተዛነፈም። 532 ዓመት በ365 ሲባዛ 194,180 ይሆናል፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን የምትጨመረው ዕለት በ532 ዓመት ውስጥ 133 ጊዜ ትመጣለች፤ ሁለቱ ሲደመሩ 194,313 ይሰጣሉ። ክርክሬ ከዚህ በኋላ ካለው ጋር ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ብቸኛነቱ ነው። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይቀጥላል። አዘጋጁ ያቀረቡት ማስረጃ ቁጥሩ በ3 የሚያልቅ በመሆኑ ለ2ም ለ5ም አለመካፈሉ ነው። ይህ ግን የ63ም የ33ም ጠባይ ነው፤ ሁለቱም ብቸኛ አይደሉም። ተማሪዬን ጠመኔ ሰጥቼ ሰሌዳው ፊት አቆምኳት። 1፣ 9፣ 4፣ 3፣ 1 እና 3ን ደምራ 21 አገኘች፤ 21 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ3 እንደሚካፈል ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃለች። አካፍላ 64,771 ላይ ደረሰች። እሱን ለ7 አካፍላ 9,253 አገኘች። በዚህ ቦታ ላይ 11ን፣ 13ን እና 17ን ሞክራ ስላልሆነላት ጠመኔውን ልታስቀምጥ ነበር፤ 19ን ሞክሪ አልኳት፤ 487 ወጣ። 23 በራሱ ሲባዛ 529 ሆኖ ከ487 ስለሚበልጥ፣ 487ን ለመመርመር እስከ 19 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ አንዳቸውም አያካፍሉትም። ስለዚህ 194,313 ማለት 3 × 7 × 19 × 487 ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የስሌት ብቻ ሳይሆን የቁጥሩን ሥራ የሚያፈርስ ነው። ዐቢይ ቀመር የተፈለገው ለምንድን ነው? ዕለተ ሰንበት፣ ዘመነ ወንጌላዊ እና የጨረቃ ሌሊት ተገናኝተው እንደ መጀመሪያው ሆነው እንዲመለሱ ነው። ዕለተ ሰንበት በየ7ቱ ቀን ትመለሳለች፤ ስለዚህ የዕለታቱ ድምር ለ7 ካልተካፈለ ዑደቱ በእሑድ ጀምሮ በሌላ ቀን ያልቃል ማለት ነው። ዘመነ ዮሐንስ በየ4 ዓመቱ ይመለሳል፤ የ4 ዓመት ዕለታት 1,461 ናቸው፤ ስለዚህ ድምሩ ለ1,461ም መካፈል አለበት። አበቅቴ፣ ማለትም የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በመብለጡ የሚጠራቀመው የዕለታት ትርፍ፣ በየ19 ዓመቱ ይመለሳል። ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ አንዱም አይመለስም፤ አዘጋጁ ሊያከብሩት በሰጡት ስም ሥራውን ነጠቁት።

ይህን ነገር ከሁሉ አስበልጠው ያስረዱኝ ባሕረ ሐሳብ የቀጸልኩባቸው የኔታ ናቸው። ወረቀቱን ይዤ ከከተማው ዳር ካለው ቤታቸው በሄድኩበት ምሽት የደብረ ብርሃን ብርድ እንደ ልማዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ጋቢያቸውን ደርበው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የገብስ ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር። ጽሑፉን ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው አላስጨረሱኝም። «ልጄ፣ ባይካፈልማ ሰንበት መቼ ይመለስልን ነበር?» ብለው ከቆሎው አምስት ፍሬ ለይተው በሰፌዱ ጠርዝ ላይ አኖሩ። አራት ዓመት 208 ሳምንት ከ5 ቀን ነው፤ አምስቱ ፍሬ ያ ትርፍ ነው። ለተከታዩ አራት ዓመት አምስት ጨመሩ፤ ለሦስተኛው አምስት፤ እንዲህ እያሉ ሰባት ጊዜ ሲያኖሩ 35 ፍሬ ሆነ። ከዚያም ሰባት ሰባት እያደረጉ በአምስት ክምር ሲለዩት አንድም ፍሬ አልተረፈም። ሰባት ጊዜ አራት 28 ዓመት ነው፤ ዐውደ ፀሐይ የሚባለው ይህ ነው። 28ን እና 19ን አንድ ላይ የሚያካፍል ከ1 በቀር ቁጥር ስለሌለ፣ የሁለቱ ትንሹ የጋራ ብዜት ራሱ ብዜታቸው 532 ነው። የኔታ ፍሬዎቹን መልሰው ወደ አፋቸው ጨመሯቸው።

የቁጥሩ አካፋዮች በሙሉ 16 ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በስም የሚያውቃቸው ናቸው። 7 ዐውደ ዕለት፣ ማለትም የሳምንቱ ዙር ነው። 19 የዐውደ አበቅቴ ዓመታት ቁጥር ነው። 1,461 አራቱ ወንጌላውያን አንድ ጊዜ የሚዞሩባቸው ዕለታት ናቸው። 10,227 የዐውደ ፀሐይ፣ ማለትም የ28 ዓመት ዕለታት ናቸው። 27,759 ደግሞ የዐውደ ማኅተም፣ የ76 ዓመት ዕለታት ናቸው፤ ይህ የመጨረሻው ቁጥር በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያሉት ሳምንታት ብዛትም ነው፤ ምክንያቱም 532 ለ7 ሲካፈል 76 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው 27,759ን የማኅተሙን ዕለታት ሲቆጥር፣ ሌላው የቀመሩን ሳምንታት ሲቆጥር፣ ሁለቱም እኩል ይቆጥራሉ። አዘጋጁ ምሥጢር ሲፈልጉ ይህን አልፈውት ሄደዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ፍጹም ቁጥር ነው የሚለው ነው። በቅድሚያ አንባቢ ልብ ይበል፤ ብቸኛ ቁጥር ፍጹም ሊሆን አይችልም። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ቁጥር ሲሆን፣ የብቸኛ ቁጥር ግን ከራሱ በታች ያለው አካፋይ 1 ብቻ ነው። ስለዚህ አንደኛው ገጽ እውነት ከሆነ ሁለተኛው ሐሰት ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ሁለቱም ሐሰት ናቸው። 6 ፍጹም ነው፤ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ይሆናሉና። ከእሱ ቀጥሎ 28፣ 496፣ 8,128 ይመጣሉ፤ ከ8,128 በኋላ ያለው 33,550,336 ነው። 194,313 በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነው የተገኘው። አካፋዮቹን 1፣ 3፣ 7፣ 19፣ 21፣ 57፣ 133፣ 399፣ 487፣ 1,461፣ 3,409፣ 9,253፣ 10,227፣ 27,759 እና 64,771ን ብንደምር 118,007 እናገኛለን፤ ከቁጥሩ በ76,306 ያንሳል። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የነበረው የሒሳብ ሊቅ የጌራሳው ኒቆማኮስ ቁጥሮችን ፍጹም፣ ትርፍ እና ጎደሎ ብሎ በሦስት መድቧል፤ በዚህ አመዳደብ ቁጥራችን ከጎደሎዎቹ ወገን ነው። ስሙ ቅር የሚያሰኘው ካለ፣ ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ከዚሁ ወገን መሆናቸውን ያስብ። በነገራችን ላይ ኢ-ተጋማሽ የሆነ ፍጹም ቁጥር እስካሁን በዓለም አልተገኘም፤ ቢኖር እንኳ ከ1,500 በላይ አኃዝ ያለው መሆን እንዳለበት ተረጋግጧል። የእኛ ቁጥር ስድስት አኃዝ ነው ያለው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ፀሐይና ጨረቃ በ194,313 ዕለት ያለ አንዳች ቀሪ ይገናኛሉ የሚለው። በሐሳቡ ውስጥ ያለውን እውነት ላክብር፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ አበቅቴ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። 532 ዓመት 28 ጊዜ 19 ስለሆነ፣ 28 ጊዜ 235፣ ማለትም 6,580 የጨረቃ ወር ይይዛል። አዘጋጁ 194,313 ለ6,580 ሲካፈል ሙሉ ቁጥር ይወጣል ይላሉ። ይህን ለማፍረስ ማካፈል እንኳ አያስፈልግም፤ 6,580 ተጋማሽ ነው፣ 194,313 ኢ-ተጋማሽ ነው፣ ተጋማሽ ቁጥር ኢ-ተጋማሽን ያለ ቀሪ አካፍሎ አያውቅም። ማካፈሉን ለሚወድ ውጤቱ 29.53085 ገደማ ነው።

ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ ደግሞ በአማካይ ከልደት እስከ ልደት የምትወስደው ጊዜ 29.530589 ዕለት ነው። ልዩነቱ ለአንድ ወር ሲታይ ከምንም አይቆጠርም፤ በ19 ዓመት ግን ተጠራቅሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል፤ በ532 ዓመት 1.7 ዕለት ይሞላል። የፀሐዩ ልዩነት ከዚህ ይሰፋል። ወቅቶች የሚመለሱበት ዓመት ርዝመት 365.2422 ዕለት ገደማ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር 365.25 ነው፤ በ532 ዓመት ውስጥ ልዩነቱ ከ4 ዕለት ይበልጣል። ከዓለም አቀፉ አቆጣጠር ጋር ያለን የቀን ርቀት የሚያድገውም በዚህ ነው። ምዕራባውያን በ1582 እ.ኤ.አ. 10 ቀን ከቆረጡ ወዲህ መቶኛ ዓመታትን ለ400 ካልተካፈሉ በቀር ሠግር (ባለ 366 ቀን ዓመት) ማድረግ ትተዋል፤ እኛ አልተውንም። አሁን በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ የሚውለው እንቁጣጣሽ በ2093 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. 2100 በእነሱ ዘንድ ሠግር አይደለም።

ታዲያ ባሕረ ሐሳብ ተሳሳተ ማለት ነው? አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የገዛ ራሱን ደንብ ያለ አንዳች ቀሪ ይፈጽማል፤ ሰማዩን ደግሞ በአማካይ ይከተላል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጽሑፉ አዘጋጅ ሁለቱን አንድ በማድረጋቸው ነው የሳቱት። ደንቡ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት የያዝነውን 2018ን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5,500 ዓመት ሲደመርበት 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱን አትተን (ቀንሰን) 12 እናገኛለን፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴ 12 ይሆናል፤ ከ30 የቀረው 18 መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ የዋለበት መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ (የሚጨመርለት ቁጥር) 7 ነው፤ 25 ሆነ፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25። በዚያው 25 ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 9 ስንጨምር 34፣ ሠላሳውን ስንገድፍ 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ያው 7,518 ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይቀራል፤ ያለነው በ15ኛው ዐቢይ ቀመር በ70ኛው ዓመት ላይ ነው ማለት ነው። የ14ኛው የመጀመሪያ ዓመት 1417 ዓ.ም. ነበር፤ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከተማችን ዕድሜዋ ከአንድ ዐቢይ ቀመር ብዙም አይበልጥም።

አራተኛው ነጥብ፣ ቁጥሩ ለአኃዞቹ ድምር መካፈሉ ነው። ይህ እውነት ነው፤ አኃዞቹ ሲደመሩ 21፣ ቁጥሩ ለ21 ሲካፈል 9,253። ለ21 የሚካፈል ቁጥር ብቸኛ ሊሆን አይችልም፤ አዘጋጁ ሦስተኛውን ገጽ ሲጽፉ አንደኛውን ዘንግተውታል። በሌላ ቁጥር አልታየም የሚለው ግን ትክክል አይደለም። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ሀርሻድ ይባላሉ፤ ስሙን በሳንስክሪት «ደስታን የሚሰጥ» ብሎ ያወጣው ሕንዳዊው የትምህርት ቤት መምህር ካፕሬካር ነው። ከ1 እስከ 100 ባለው ብቻ 33 ሀርሻድ ቁጥሮች አሉ፤ 12፣ 18፣ 21፣ 24 ከእነሱ ወገን ናቸው። 2016ም አንዱ ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ይህ ጠባይ የቁጥሩ ሳይሆን የአጻጻፉ መሆኑ ነው። አባቶቻችን ይህን ቁጥር የሚጽፉት ፲፱፼፵፫፻፲፫ ብለው ነው፤ ይኸውም 19 እልፍ፣ 43 መቶ፣ 13። የግእዝ አኃዝ በመቶ በመቶ ስለሚቆጠር ድምሩን በዚያው ሥርዓት እንውሰድ፤ 19፣ 43 እና 13 ሲደመሩ 75 ይሆናሉ። 75 ለ5 የሚካፈል ነው፤ ቁጥራችን ለ5 ስለማይካፈል ለ75ም አይካፈልም። ምልክት የተባለው ነገር በዐረብኛው አኃዝ ታይቶ በግእዙ ጠፋ። አዘጋጁ በሁለተኛው ገጽ የግእዝን አኃዝ አብዝተው ያመሰገኑ ሰው እንደመሆናቸው፣ ማስረጃቸውን ከሌላ አኃዝ መዋሳቸው አስገርሞኛል። 3 × 7 × 19 × 487 መሆኑ ግን በየትኛውም አኃዝ ቢጻፍ አይለወጥም።

በአምስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። የ532 ዓመት ዑደት መነሻው እስክንድርያ ነው፤ የእኛም ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብን የሚያያይዙት ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ ጋር ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ተጠቅሞበታል፤ በ457 እ.ኤ.አ. ቪክቶርዮስ የተባለ የአኲቴን ሰው የ532 ዓመት የፋሲካ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። የእኛ ድርሻ በሕይወት ማቆየቱ ነው፤ የዘንድሮውን ፋሲካ የኔታ በጣታቸው ቆጥረው ይነግሩኛል።

ትልቅ ቁጥር ነው፣ በእጅ አይመረመርም የሚለውንም በአንድ ቃል ልለፈው። እስካሁን የታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘ ሲሆን 41,024,320 አኃዝ አለው። የእኛው ስድስት አኃዝ በተማሪ ጠመኔ ተፈትቷል።

ጽሑፉ ድንቅ ነገር ለሚፈልግ አንባቢ የተጻፈ ስለሆነ፣ ሳያነሣቸው ያለፋቸውን ሁለት ድንቅ ነገሮች ላስቀምጥ። ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ከ194,313 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው ብለን ብንጠይቅ፣ ስሌቱ ከእያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ አንድ ቀንሶ ማባዛት ነው፤ 2 × 6 × 18 × 486። ውጤቱ 104,976 ነው፤ ይህም 18 በራሱ አራት ጊዜ የተባዛ ነው፣ 18 × 18 × 18 × 18። ይህን ስሠራ ሁለት ጊዜ ደግሜ አረጋግጬዋለሁ፤ እንዲህ የጠራ ነገር አልጠበቅሁም ነበር። ማንም አላቀደውም፤ 19 ከጨረቃ፣ 7 ከሰንበት፣ 3 እና 487 ከአራቱ ዓመት ዕለታት መጥተው ነው በዚህ የገጠሙት።

ሁለተኛው 487 ራሱ ነው። 1ን ለ3 ስናካፍል 0.333… ይወጣል፤ የሚደጋገመው አንድ አኃዝ ነው። 1ን ለ9፣ ማለትም ለ3 × 3 ስናካፍልም 0.111…፣ አሁንም አንድ አኃዝ። ብዙዎቹ ብቸኛ ቁጥሮች ግን እንዲህ አያደርጉም፤ 1 ለ7 ሲካፈል 142857 የተባሉት ስድስት አኃዞች ይደጋገማሉ፣ ለ49 ሲካፈል ግን የሚደጋገሙት 42 ይሆናሉ። ከ3 በኋላ ይህን ጠባይ የሚደግመው የመጀመሪያው ብቸኛ ቁጥር 487 ነው፤ 1 ለ487 ሲካፈል 486 አኃዞች ይደጋገማሉ፣ ለ487 × 487 ሲካፈልም ያው 486። ከእሱ ቀጥሎ የተገኘው 56,598,313 ነው። በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ከእነዚህ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ 3 እና 487፣ በ1,461 ውስጥ፣ በአራቱ ወንጌላውያን ዕለታት ውስጥ ተባዝተው ይገኛሉ። አዘጋጁ በዚህ ላይ አንድ ገጽ ቢጽፉ እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ አባዝቼ አድል ነበር።

ጽሑፉ ለጥምቀት እንደገና ይባዛል ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዲያው ቢያንስ በመጀመሪያው ገጽ «ብቸኛ ቁጥር ነው» የሚለው መሥመር ወጥቶ በቦታው «194,313 = 3 × 7 × 19 × 487» ተብሎ ይግባ፤ በሁለተኛው ገጽ ስለ ፍጹም ቁጥር የተጻፈው አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ በሦስተኛው ገጽ «ያለ አንዳች ቀሪ» ከሚለው በፊት «በደንቡ መሠረት» የሚል ይጨመር።